ሃያ ናሙና ቆርጬ ለምን «ድግግሞሽ የለህም» ተባልሁ?

ጥያቄው፦ «በምሥራቅ ጎጃም በአንድ አርሶ አደር ማሳ ላይ፣ ቁንጮ በሚባለው የጤፍ ዝርያ የዩሪያ መጠን ሙከራ ሠራሁ። ማሳው ተዳፋት ነው። 10 በ10 ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ከፍዬ ከላይ ወደ ታች በሄክታር 0፣ 30፣ 60 እና 90 ኪሎ ናይትሮጅን ሰጠሁ። ከ0 በቀር ለሦስቱ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ የተባለ ማዳበሪያም ጨመርሁ። በአጨዳ ጊዜ ከየመደቡ አምስት አምስት ቦታ አንድ ሜትር ካሬ ቆርጬ መዘንሁ። 20 መረጃ ይዤ አኖቫ (የአማካዮችን ልዩነት የሚፈትን ስሌት) ስሠራ ፒ-ቫልዩው (ማዳበሪያው ለውጥ ባያመጣ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) ከ0.001 በታች መጣ። አማካሪዬ ግን ‹ድግግሞሽ የለህም፣ ይህ ሙከራ አይባልም› አሉኝ። 20 መረጃ እያለኝ እንዴት ድግግሞሽ የለኝም? የዘንድሮውን ማዳን ይቻላል? ለሚመጣው ክረምትስ እንዴት ልሥራ?»

አማካሪዎ ልክ ናቸው። 20 ቁጥር አለዎት፤ ድግግሞሽ ግን ለእያንዳንዱ የናይትሮጅን መጠን አንድ ብቻ ነው ያለዎት። ነገሩ የቃላት ጨዋታ ስላልሆነ ከዚሁ ልጀምር፤ ዕጣውም፣ ብሎኩም (ተመሳሳይ መሬት ላይ አብረው የሚቀመጡ መደቦች ስብስብ)፣ ትንተናውም ከዚሁ የሚመዘዙ ናቸው።

ድግግሞሽ የሚቆጠረው ስንት ጊዜ እንደመዘኑ ታይቶ አይደለም፤ ትሪትመንቱን (እዚህ የናይትሮጅኑን መጠን) ስንት ጊዜ ለየብቻው እንደሰጡ ታይቶ ነው። ዩሪያውን ሲበትኑ የወሰኑት አራት ጊዜ ነው፤ ይህ መደብ 0፣ ያኛው 30፣ ቀጣዩ 60፣ የመጨረሻው 90። ስለዚህ የሙከራው አሃድ መደቡ ነው፣ ያሉትም አራት ናቸው። ከአንድ መደብ የቆረጧቸው አምስት ካሬ ሜትሮች አንድ አፈር፣ አንድ እርጥበት፣ የአንድ ቀን ዘር፣ የአንድ ሰው አበታተን ይጋራሉ። ከአንድ ጋን አምስት ጣሳ ጠላ ቢቀዳ ጥንስሱ ያው አንድ ነው። የጌሾው መጠን ጣዕሙን መለወጥ አለመለወጡን ማወቅ የፈለገ ሰው ደጋግሞ ይጠምቃል እንጂ ደጋግሞ አይቀዳም።

አኖቫውም ቢሆን በትክክል ቢሞላ ይህንኑ ይናገራል። አራት መደብ ካለ ጠቅላላው የነፃነት ደረጃ፣ በተለምዶ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም የምንለው፣ 3 ነው። ሦስቱንም ትሪትመንቱ ይወስዳቸውና ለስህተት፣ ማለትም በትሪትመንቱ ላልመጣው መለያየት፣ 0 ይተርፋል። የሚያካፍሉበት ስህተት ከሌለ ኤፍ (የትሪትመንቱ ልዩነት ለስህተቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) አይሰላም፤ ፒ-ቫልዩም አይኖርም። ሶፍትዌሩ ግን የሚያየው ሰንጠረዡ 20 መስመር መሆኑን ብቻ ነው፤ መስመሮቹ ከየት እንደመጡ አያውቅም። ስለዚህ ለስህተት 16 የነፃነት ደረጃ መድቦ አሰላልዎ። በዚያ 16 የተለካው በአንድ መደብ ውስጥ ከቦታ ቦታ ያለው መለያየት ነው። እርስዎ ማወቅ የነበረብዎ ግን ሌላ ነው፤ እኩል ማዳበሪያ ያገኙ ሁለት መደቦች እርስ በርሳቸው በምን ያህል ይለያያሉ? የዚህ መልስ በመረጃዎ ውስጥ የለም። ትንሹ መለያየት በትልቁ ቦታ ስለገባ ነው ፒ-ቫልዩው ያን ያህል ያሽቆለቆለው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል በመደብና በመደብ መካከል ያለው ቫሪያንስ (የመለያየት መለኪያ) 9፣ በአንድ መደብ ውስጥ በኳድራትና በኳድራት (በሚቆረጡት ካሬ ሜትሮች) መካከል ያለው 4 ነው እንበል። የአንድ ትሪትመንት አማካይ ቫሪያንስ የሚገኘው 9ን ለመደቦቹ ብዛት፣ 4ን ደግሞ ለኳድራቶቹ ጠቅላላ ብዛት አካፍሎ በመደመር ነው። እርስዎ እንዳደረጉት አንድ መደብና አምስት ኳድራት ከሆነ 9 ሲደመር 0.8፣ ማለትም 9.8 ይሆናል። አራት መደብ፣ ከየመደቡ አንድ ኳድራት ከሆነ 2.25 ሲደመር 1፣ ማለትም 3.25። አራት መደብ፣ ከየመደቡ አምስት ኳድራት ከሆነ 2.45። በአራቱ መደቦች ውስጥ ሺህ ኳድራት ቢቆርጡ እንኳ ከ2.25 በታች አይወርድም። ስምንት መደብ፣ ከየመደቡ አንድ ኳድራት ግን 1.625 ይሰጣል። ስምንት ጊዜ መቁረጥ ሃያ ጊዜ ከመቁረጥ በለጠ ማለት ነው። ጉልበትና ገንዘብ ሲያጥር መደብ ይብዛ እንጂ ኳድራት አይብዛ።

ሁለት ተጨማሪ ችግሮች አሉ፤ እነዚህን ደግሞ ድግግሞሽ ብቻውን አይፈታቸውም።

አንደኛው ተዳፋቱ ነው። 0 ላይ፣ 90 ታች ነው ያለው። ለም አፈር ታጥቦ የሚወርደው ወደ ታች፣ እርጥበት የሚቆየውም ታች ነው። እፍኝ ዩሪያ ባይበተንም የታችኛው መደብ ከላይኛው ሊበልጥ ይችል ነበር። መሬቱ ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሹ ሊሆን ይችላል፤ ታችኛው ጤፍ ይቢጫል፣ የዩሪያውም ጥቅም ይሸፈናል። ያም ሆነ ይህ የማዳበሪያውንና የቦታውን ድርሻ ለይቶ የሚያወጣ ሒሳብ የለም።

ሁለተኛው ኤንፒኤሱ ነው፤ ይህን አማካሪዎ ገና ያዩት አይመስለኝም። 100 ኪሎ ኤንፒኤስ በውስጡ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ በፒ-ሁለት-ኦ-አምስት ሲቆጠር 38 ኪሎ ፎስፈረስና 7 ኪሎ ሰልፈር ይዟል። ስለዚህ በ0 እና በ30 መካከል የታየው ልዩነት የናይትሮጅን ብቻ አይደለም፤ የፎስፈረስም የሰልፈርም ነው። በዚያ ላይ 30 ያሉት መደብ፣ የዩሪያውን ሒሳብ ሲሠሩ ኤንፒኤሱን ካልቀነሱለት፣ በእውነቱ 49 ነው። ማነጻጸሪያው ከሌሎቹ መለየት ያለበት በሚጠናው ነገር ብቻ ነው።

የዘንድሮውን በትንተና ማዳን አይቻልም፤ ሚክስድ ሞዴልም ሆነ ሌላ ዘዴ ያልተሰጠውን ድግግሞሽ አይፈጥርም። መረጃውን ግን አይጣሉት። እንደ ሠርቶ ማሳያ አራቱን አማካዮች፣ ያለ ፒ-ቫልዩና የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ የሚያመለክቱት «ሀ፣ ለ» ፊደሎች ሳይለጠፉበት፣ አቀማመጡን በግልጽ ጽፈው ማቅረብ ይችላሉ። ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንድ መደብ ውስጥ ኳድራቶቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ ስለሚያሳይ ለሚቀጥለው ስንት ካሬ ሜትር ማጨድ እንደሚበቃ ይጠቁምዎታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ይህ መለያየት ከመደብ መደብ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያንስ የድግግሞሽ ብዛት ለማስላት አይጠቀሙበት።

እግረ መንገድ፣ እርስዎ ያደረጉት አቀማመጥ ትልቅ ታሪክ ያለው ነው። በእንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1843 የተጀመረው የብሮድባልክ የስንዴ ሙከራም እያንዳንዱ ማዳበሪያ አንድ ረጅም ቁራጭ መሬት እየተሰጠው፣ ያለ ዕጣና ያለ ድግግሞሽ ነው የተዘረጋው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ጣቢያው የመጣው የዚህን ሁሉ ዓመት የተከማቸ መረጃ እንዲመረምር ነበር። ድግግሞሽ፣ ዕጣና ብሎክ የተባሉት ሦስቱ መርሆች መልክ የያዙት ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እዚያው ነው።

አሁን ወደሚመጣው ክረምት። የተጠቀሙበት መሬት 400 ካሬ ሜትር ነው፤ በዚሁ ስፋትና በዚሁ 20 ቁጥር ትክክለኛ ሙከራ ይወጣል። አራቱን ትልልቅ መደቦች ትተው እያንዳንዱ 4 በ3 ሜትር የሆኑ 20 ትንንሽ መደቦች ያድርጉ፤ አራት የናይትሮጅን መጠን፣ አምስት ብሎክ። በአንድ ብሎክ ውስጥ አራቱ መደቦች 4 ሜትራቸውን በተዳፋቱ አግድም አድርገው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ በመካከላቸው 1 ሜትር ክፍት ይተዋል፤ የብሎኩ ርዝመት 19 ሜትር ይሆናል። አምስቱ ብሎኮች ከላይ ወደ ታች 1.5 ሜትር እየተራራቁ ይደረደራሉ፤ ይህ 21 ሜትር ነው። 19 በ21፣ 399 ካሬ ሜትር።

ብሎኩ ለምን አግድም ሆነ? የብሎክ ሥራው መሬቱ ውስጥ ያለውን ልዩነት በብሎኮች መካከል አስቀርቶ በብሎክ ውስጥ ያሉትን መደቦች ማመሳሰል ነው። ልዩነቱ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ብሎኩ አግድም ይተኛል፤ አራቱም መጠኖች በላይኛውም በታችኛውም ቦታ እኩል ዕድል ያገኛሉ። ብሎኩን ከላይ ወደ ታች የዘረጋ ሰው ልዩነቱን ብሎኩ ውስጥ አስገባው፤ ብሎክ ባይኖረው ይሻለው ነበር። ልዩነቱ ወዴት እንደሆነ ካልታወቀ ብሎኩን ወደ ካሬ ማስጠጋት ነው። ለማወቅ ግን የማሳውን ባለቤት መጠየቅን የሚያህል የለም፦ ድሮ የከብት በረት የት ነበር? ውኃ የሚተኛው የት ነው? የግራር ጥላ የሚያርፈው፣ አምና ባቄላ የተዘራው የቱ ጋ ነው? የበረት ቦታ ብዙ ዓመት ቆይቶም በአዝመራው ይታወቃል፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ከሙከራው ያውጡት፣ ወይ አንድ ብሎክ ለብቻው ይሁን። ልዩነቱ በሁለት አቅጣጫ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከላይ ወደ ታችም ከጓሮ ወደ ውጭም፣ 4 በ4 የሆነ ላቲን ስኩዌር (እያንዳንዱ መጠን በየረድፉና በየዓምዱ አንድ አንድ ጊዜ የሚገኝበት አደራደር) ያስኬዳል፤ ለስህተት የሚተርፈው ግን 6 የነፃነት ደረጃ ብቻ ስለሆነ ሁለት ካሬ ቢሠራ ይመረጣል።

ብሎክ የአፈር ብቻ አይደለም፤ የሥራም ነው። አንዱን ብሎክ አንድ ሰው በአንድ ቀን ይዝራ፣ ይረም፣ ይጨድ። ዝናብ ቢያቋርጥዎ የጀመሩትን ብሎክ ጨርሰው ያቁሙ፤ ግማሹን ብሎክ ለነገ አያሳድሩ። ሁለት አጫጆች ካሉ ብሎክ ብሎክ ይካፈሉ እንጂ አንዱ 0ና 30ን፣ ሌላው 60ና 90ን አይያዝ።

ወደ ዕጣው እንሂድ። በአማርኛ ራንደም የሚለውን «በዘፈቀደ» እያልን ስንተረጉም ብዙ ሰው እናሳስታለን፤ በዘፈቀደ ማለት እንደመጣልኝ፣ እንዳሻኝ ማለት ነውና። ለሙከራ የሚያስፈልገው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የማንም ፈቃድ የማይገባበት፣ የዕቁብ ዕጣ ዓይነት ነገር። ሰው «በዘፈቀደ» ሲደለድል እጁ ሳያውቀው ያዳላል፤ ጥሩውን መጠን ከመንገድ ዳር ለጎብኚ እንዲታይ ያደርጋል፣ 0ን ከድንጋያማው ጥግ ይወስዳል። ዕቁብተኛ ፊት የሚወጣ ዕጣ እንዲህ አያደርግም።

አሠራሩ ቀላል ነው። መደቦቹን በመጀመሪያ በቁጥር ይሰይሙ፦ የመጀመሪያው ብሎክ 101 እስከ 104፣ ሁለተኛው 201 እስከ 204፣ እስከ 504 ድረስ። አራት እኩል ወረቀት ላይ 0፣ 30፣ 60፣ 90 ጽፈው ይጠቅልሉ፤ ለ101 ያውጡ፣ ሳይመልሱ ለ102፣ ለ103፣ ለ104። ከዚያ አራቱንም መልሰው ለሁለተኛው ብሎክ እንደ አዲስ ይጀምሩ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት አንድ ጊዜ ዕጣ አውጥቶ ያንኑ ቅደም ተከተል ለአምስቱም ብሎክ መገልበጥ ነው፤ ይህ አምስት ዕጣ አይደለም፣ አንድ ዕጣ ነው። በኮምፒውተር ካወጡት መነሻ ቁጥሩን፣ ሲድ የሚባለውን፣ በሙከራ መዝገቡ ይጻፉት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቢያወጣው ያው ይመጣል።

ዕጣው ከወጣ በኋላ «60 ከ60 ሥር ተደረደረ፣ አልተበጠበጠም» ብሎ ደግሞ ማውጣት ፈተና ነው። አራት መጠን በ24 ዓይነት ቅደም ተከተል ይደረደራል። ሁለት ጎረቤት ብሎኮች ቢያንስ በአንድ ቦታ ተመሳሳይ መጠን ፊት ለፊት የማያጋጥማቸው ከ24ቱ በ9ኙ ብቻ ነው፤ በ15ቱ፣ ማለትም በ62.5 በመቶው፣ ያጋጥማል። ስለዚህ መግጠሙ ዕጣው መበላሸቱን አያሳይም፤ የዕጣ ጠባይ ነው። የማይቀበሉት አደራደር ካለ፣ ለምሳሌ አምስቱም ብሎክ አንድ ዓይነት ቢሆን (ዕድሉ ከ331,776 አንድ ነው)፣ ከዕጣው በፊት ይጻፉት። ውጤቱን ካዩ በኋላ የሚወጣ ደንብ ምርጫ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ሊቃውንቱም ተከራክረዋል፤ በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረውና ስቱደንት በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ጎሴት፣ በጥንቃቄ የተመጣጠነ አደራደር ከዕጣ ይሻላል እያለ ከፊሸር ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1937 እ.ኤ.አ.፣ አልተስማማም። አንድ ጎበዝ ሰው በጥንቃቄ ሲደለድል ስህተቱ ሊያንስ ይችላል፤ እዚህ ላይ ጎሴት ልክ ነበር። ግን የስህተቱን መጠን ከራሱ ከሙከራው በሐቅ ለመገመት፣ ተቺንም ለመመለስ፣ ዕጣ ያስፈልጋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከፊሸር ጋር ቢሆኑ ይሻልዎታል።

አምስት ድግግሞሽ ያልሁት በግምት አይደለም። የሚያስፈልገው ብዛት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ አንዱ የመሬቱ መለያየት ነው፣ ሲቪ ተብሎ በአማካዩ መቶኛ የሚገለጸው፤ ሌላው ሳያመልጥዎ ሊያዩት የሚፈልጉት ትንሹ ልዩነት ነው። በ5 በመቶ የስህተት ደረጃና በ80 በመቶ የማየት ዕድል፣ ሲቪውን ለልዩነቱ አካፍለው፣ በራሱ አባዝተው፣ በ15.7 ያባዙት። ሲቪ 10 በመቶ፣ ልዩነቱ 20 በመቶ ከሆነ 3.9 ይመጣል። ይህ ቀመር ግን ስህተቱ አስቀድሞ የታወቀ ያስመስላል፤ ለስህተት 12 የነፃነት ደረጃ ብቻ እንዳለዎት በቲ ሰንጠረዥ ሲስተካከል 4.7 ይሆናል፤ ስለዚህ 5። ሲቪው 15 በመቶ ከሆነ ግን ለዚያው 20 በመቶ ልዩነት 10 ድግግሞሽ ያስፈልጋል። በ5 ድግግሞሽ ከሠሩት በ80 በመቶ ዕድል የሚያዩት ልዩነት 29 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ ነው። በገበሬ ማሳ ላይ 15 በመቶ የሚያስደንቅ ሲቪ አይደለም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው «ልዩነት አልተገኘም» እና «ልዩነት የለም» የሚባሉትን ላለማምታታት ነው።

የመጠን ሒሳቡ እንዲህ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። መደቡ 12 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለ30 ኪሎ 78.3 ግራም፣ ለ60 ኪሎ 156.5 ግራም፣ ለ90 ኪሎ 234.8 ግራም ዩሪያ ይወስዳል። ግማሹ በዘር ጊዜ፣ ግማሹ ጤፉ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ከተሰጠ የአንድ ጊዜው 39፣ 78 እና 117 ግራም ገደማ ነው። ለአምስቱም ብሎክ በድምሩ 2.35 ኪሎ ይበቃል። ማሳ ላይ አይመዝኑት፤ ቤት ውስጥ አንድ ግራም በሚለይ ሚዛን መዝነው በትንንሽ ፌስታል የመደቡን ቁጥር ጽፈው ያሽጉት። ፎስፈረሱ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ናይትሮጅን ከሌለበት ቲኤስፒ (46 በመቶ ፒ-ሁለት-ኦ-አምስት) ለእያንዳንዱ መደብ፣ ለ0ም ጭምር፣ 99 ግራም ይስጡ፤ ይህ በሄክታር 38 ኪሎ ፒ-ሁለት-ኦ-አምስት ነው። ቲኤስፒ ካልተገኘ ለ20ዎቹም መደቦች እኩል 120 ግራም ኤንፒኤስ ይስጡና መጠኖቹን በእውነተኛ ስማቸው 19፣ 49፣ 79፣ 109 ብለው ይጥሯቸው። ያን ጊዜ «ያለ ናይትሮጅን» የሚባል መደብ እንደሌለዎት ይወቁት።

ዘሩ በሄክታር 10 ኪሎ በመስመር ከሆነ ለአንድ መደብ 12 ግራም ነው። በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ሲተው 15 መስመር ይወጣል፤ ለአንድ መስመር 0.8 ግራም። ይህን በጣት እኩል ማዳረስ ከባድ ስለሆነ ከደረቀ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉት። በመደቦች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በትንሽ ክትርና ቦይ ይዝጉት፤ ተዳፋት ላይ ጎርፍ የ90ን ዩሪያ ለጎረቤቱ 0 ያካፍለዋል፣ ልዩነቱም ሳይታይ ይጠፋል።

አጨዳ ላይ ከላይና ከታች ሁለት ሁለት መስመር፣ ከግራና ከቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ይተው። የዳር ጤፍ ብርሃንም አየርም ይተርፈዋል፣ የጎረቤቱንም ማዳበሪያ ይሻማል። የሚቀረው 11 መስመር በ3 ሜትር፣ ማለትም 6.6 ካሬ ሜትር ነው። ኳድራት ሳይጥሉ ይህን ሁሉ ይጨዱ። እያንዳንዱን መደብ በየጆንያው፣ ሸራ ላይ፣ ለብቻው ይውቁት፤ በሬ የሚዞርበት ዐውድማ ለዚህ አይሆንም፣ የአንዱ ፍሬ ከሌላው ይደባለቃል። ክብደቱን ወደ 12.5 በመቶ እርጥበት ይመልሱ፤ የተመዘነውን ከ100 ላይ የተለካው እርጥበት ተቀንሶ በተገኘው ያባዙና ለ87.5 ያካፍሉ። ለምሳሌ 1.2 ኪሎ ፍሬ በ10 በመቶ እርጥበት ቢመዘን 1.234 ኪሎ ይሆናል፤ በሄክታር 18.7 ኩንታል። ሚዛኑ በ50 ግራም የሚዘል ከሆነ እያንዳንዷ ዝላይ በሄክታር 76 ኪሎ ስለሆነች የሱቅ ሚዛን አይበቃም። የሚመዝነውና የመጋሸብን ደረጃ የሚሰጠው ሰው የመደቡን ቁጥር ብቻ ይይ፤ የናይትሮጅኑ ዝርዝር እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ሚዛን ብዙም አያዳላም፣ ዓይን ግን ያዳላል፤ በተለይ መጋሸብን ከ0 እስከ 5 ነጥብ ሲሰጥ።

የተበላሸ መደብ ምን ይደረጋል? ምክንያቱ ይለየዋል። 90 የተሰጠው ጤፍ ጋሽቦ ፍሬው ቢቀንስ ያ ራሱ የትሪትመንቱ ውጤት ነው፤ ከመረጃው ማውጣት አይፈቀድም። ጎርፍ አንዱን መደብ ጠርጎ ቢወስድ ግን የጠፋ መረጃ ነው፤ ባዶ ይተዋል፣ 0 ተብሎ አይጻፍም። ከብት ሲገባበት ነው ነገሩ የሚያስቸግረው፤ ከብት የሚመርጠው ለምለሙን፣ ብዙ ናይትሮጅን ያገኘውን ነውና የጠፋው መደብ በአጋጣሚ የጠፋ አይደለም። ከዚህ የሚያድን ትንተና የለም፤ አጥር ነው የሚያድነው።

ዓላማዎ ለአንድ ማሳ ሳይሆን ለወረዳው ምክር መስጠት ከሆነ አምስቱን ብሎክ አንድ ቦታ ከመደርደር ለየገበሬው ማከፋፈል እጅግ ይሻላል። ለእያንዳንዱ አርሶ አደር አንድ ብሎክ፤ አራት መደብ ከነክፍቱ 57 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስድስት አርሶ አደር ከተገኘ 24 መደብ ይሆናል፣ ለስህተት 15 የነፃነት ደረጃ ይተርፋል። ስህተቱ ሰፋ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም ዩሪያ የአንዱን ማሳ ጠቅሞ የሌላውን አለመጥቀሙም በውስጡ አለበት፤ ለምክር የሚያስፈልገው ግን ይኸው ሰፊው ነው። አርሶ አደሮቹን ከመንገድ ዳር ሞዴሎች ብቻ አይምረጡ፤ ከቀበሌው መዝገብ በዕጣ ያውጡ፣ ዕጣውንም ለየማሳው ለየብቻ። «ለአንዱ 30፣ ለሌላው 60፣ ለሦስተኛው 90» የሚለው ክፍፍል ቀሎ ይታያል፤ ግን ዘንድሮ የሆነውን ስህተት በትልቁ መድገም ነው፣ ማዳበሪያውና ገበሬው አንድ ላይ ይቋጠራሉ። ሁለት ክረምት መሥራትም ያስፈልጋል፤ የአንድ ዓመት ዝናብ የአንድ ዓመት ዝናብ ነው።

በመጨረሻ ስለ ትንተናው። ዋናው መለኪያ የፍሬ ምርት መሆኑን፣ ሞዴሉም ብሎክና ናይትሮጅን መሆኑን ከመዝራትዎ በፊት በአንድ ገጽ ጽፈው ለአማካሪዎ ይስጡ። በአንድ ማሳ 20 መደብ ከሆነ ሰንጠረዡ ብሎክ 4፣ ናይትሮጅን 3፣ ስህተት 12፣ ድምር 19 ይላል፤ ከዚህ የተለየ ቁጥር ካዩ ሶፍትዌሩ የነገሩትን አልተረዳም፤ ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅንን ወይም ብሎክን እንደ ተራ ቁጥር ወስዶ ነው፣ ያን ጊዜ 3ቱ ወይም 4ቱ 1 ሆኖ ይታያል። ብሎኩ «ጉልህ አይደለም» ቢባልም አያውጡት፤ ዕጣው የወጣው በብሎክ ነውና ትንተናውም በብሎክ ይሆናል። አራቱን መጠኖች ጥንድ ጥንድ እያደረጉ በኤልኤስዲ (ጉልህ የሚባለው ትንሹ ልዩነት) ፊደል መለጠፍ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። ስድስት ንጽጽር ስለሚሆን አንድም ልዩነት በሌለበት ቢያንስ አንዱን «ጉልህ ነው» የማለት ዕድሉ ከ5 በመቶ ወደ 20 በመቶ ገደማ ይወጣል። በዚያ ላይ 0፣ 30፣ 60፣ 90 ቅደም ተከተል ያላቸው መጠኖች መሆናቸውን ይረሳል። ይልቅ ሦስቱን የነፃነት ደረጃዎች በትሬንድ ይክፈሏቸው፤ ለቀጥታው መስመር −3፣ −1፣ 1፣ 3፣ ለጎባጣው 1፣ −1፣ −1፣ 1 የሚሉትን ማባዣዎች ይጠቀሙ። ቀጥታው ብቻ ከጎላ ምርቱ እስከ 90 እየጨመረ ነው፤ ጎባጣውም ከጎላ ጭማሪው የሆነ ቦታ ላይ እየደከመ ነው ማለት ነው፣ ያን ቦታ ከኩርባው ላይ ከ95 በመቶ የእርግጠኝነት ወሰኑ ጋር ማንበብ ይችላሉ። አርሶ አደሩም ቢሆን የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው፤ ስንተኛው ኪሎ ዩሪያ ላይ ልቁም?